ሶፋ ሥር የተገኘው ሥዕል፣ 16ቱ ስሞችና 27ቱ መልሶች

ባለፈው ወር በታሪክ መድረካችን ላይ አንድ የውይይት ክር ከፍቼ ነበር። ክሩ ረዘመ። ብዙዎቻችሁ መሀል ላይ ገብታችሁ ማን ለማን እንደሚመልስ ግራ ገባችሁ። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ በተራ ልተርክላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያየሁት ሥዕል ነው። ሠዓሊው ሚጌል ካብሬራ ይባላል፤ በ1763 ሜክሲኮ ውስጥ ሣለው። አባት፣ እናትና ትንሽ ሴት ልጅ አሉበት። ላዩ ላይ ጽሑፍ አለው። ከስፔናዊና ከሞሪስካ አልቢና ትወለዳለች ይላል። ሞሪስካና አልቢና የዘር መጠሪያዎች ናቸው፤ ፍቺያቸው ወደ ታች ይመጣል። ሥዕሉ የአንድ ስብስብ ክፍል ነበር፤ ከስብስቡ ተለይቶ ጠፍቶ ኖሯል። በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ቤት፣ ሶፋ ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ።

እንዲህ ያሉት «የካስታ ሥዕሎች» ይባላሉ፤ ካስታ የዘር ደረጃ ማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሜክሲኮ የስፔን ቅኝ ግዛት ሳለች፣ እዚያ በብዛት ይሠሩ ነበር። አንዱ ስብስብ አብዛኛውን ጊዜ 16 ቤተሰቦችን ያሳያል። ከማንና ከማን ምን እንደሚወለድ ይነግራል። ከላይ ያሉት ሐር ለብሰዋል። ወደ ታች ሲወረድ ልብሱ ያልቃል፣ ስሙም ይከፋል። «ተኩላ» የሚባል አለ። «አየር ላይ ቁም» የሚባል አለ። «ወደ ኋላ ተመላሽ» አለ። «አልገባኸኝም» የሚባልም አለ። የሰው ልጅ ተወልዶ «አልገባኸኝም» ተብሎ ሲመደብ አስቡት።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። እነዚህ ስሞች በሰው ኑሮ ላይ የእውነት ይሠሩ ነበር ወይስ የሠዓሊ ፈጠራ ናቸው? ግምቴንም አስቀመጥኩ። እንደኔ ከቆዳው ይልቅ የሰውን ቦታ የሚወስነው መዝገቡ ነበር። ቄሱ ሕፃኑን ሲያጠምቅ ምን ብሎ ጻፈው? ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው አልኩ። ሥዕሉ ውብ ነው ብዬም ጨመርኩ። ይህቺ ቃል በኋላ ዋጋ አስከፈለችኝ።

መልስ 1 በትህትና አመስግኖ ጀመረና መሰላሉን ዘረዘረ። ላይ ከስፔን የመጡት ነበሩ። ቀጥለው አሜሪካ የተወለዱት ነጮች፣ ክሪዮዮ የሚባሉት። ከዚያ ክልሶች፣ ከዚያ ነባር ሕዝቦች፣ ከሥር አፍሪካውያን ባሮች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደማቸው አንድ መሆኑን አስታወሰ። ሆኖም እንደራሴነትና ሊቀ ጵጵስና የመሰለው ትልቅ ሹመት የሚሄደው ባብዛኛው ባሕር ተሻግሮ ለመጣው ነበር።

መልስ 2 እዚህ ላይ አረመው። መሰላሉ አንድ አልነበረም አለ። ስፔን በሕግ ሁለት ማኅበረሰብ ነው የመሠረተችው፤ የስፔናውያንና የነባር ሕዝቦች። ሁለተኛው የራሱ ከተማ፣ የራሱ ሹማምንትና የራሱ ባላባቶች ነበሩት። ከስፔን በፊት ፔሩን ይገዙ የነበሩት የኢንካ ነገሥታት ዘር የሆኑት የኩስኮ ከተማ መኳንንት በክብር «ዶን» ተብለው ይጠሩ ነበር። ግብር አይከፍሉም። ትልቁ የቅዱስ ቁርባን በዓል ሲደርስ የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው፣ ቀዩን የንግሥና ዘርፍ ግንባራቸው ላይ አድርገው በሰልፉ ይወጣሉ። ጫማ የሌለው ስፔናዊ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። ይህ መልስ ብዙ ላይክ አገኘ፤ ይገባዋልም።

መልስ 3 አንድ መስመር ነው። ሞሪስካ ማለት ሙስሊም ማለት ነው ወይ የሚል።

መልስ 4 ጥያቄውን ሳያቃልል መለሰ። ስፔን ውስጥ ሞሪስኮ የሚባለው ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባ ሰው ነበር። ሜክሲኮ ሲደርስ ቃሉ ትርጉሙን ለወጠና የስፔናዊና የሙላታ ልጅ መጠሪያ ሆነ። ሙላታ ደግሞ ከነጭና ከጥቁር የተወለደች ናት። ጸሐፊው አንድ ደረጃ ወደ ኋላም ወሰደን። «የደም ንጽሕና» የሚባለው ሐሳብ የተወለደው አሜሪካ ሳይሆን እዚያው ስፔን ነው። በ1449 የቶሌዶ ከተማ ከአይሁድ እምነት የተመለሱ ክርስቲያኖች ሹመት እንዳይዙ ደነገገች። መጀመሪያ የተጠየቀው የአያት እምነት ነበር። መርከቡ ላይ ተጭኖ ሲሻገር ነው የቆዳ ጥያቄ የሆነው።

መልስ 5 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የክሩ አከርካሪ እሱ ነው። ጸሐፊው ሥዕሎቹን እንደ ሒሳብ አነበባቸው። ስፔናዊ ከነባር ሴት ሜስቲሶ ይወልዳል። ሜስቲሳዋ ከስፔናዊ ካስቲሶ ትወልዳለች። ካስቲሳዋ ከስፔናዊ ከወለደች ግን ልጁ ስፔናዊ ነው። ሦስት ትውልድ፣ አለቀ። አሁን አፍሪካዊት ሴት ይዛችሁ ቁጠሩ። ልጇ ሙላታ ናት። የልጅ ልጇ ሞሪስካ ናት። ቀጥላ አልቢና ትመጣለች፤ ቆዳዋ ከአባቷ ቢነጣም ስፔናዊት አትባልም። ከአልቢናና ከስፔናዊ የሚወለደው ደግሞ «ወደ ኋላ ተመላሽ» ነው። ይህ መንገድ መድረሻ የለውም። አንደኛው ደም ይታጠባል፣ ሌላኛው አይታጠብም ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሙዚየም ውስጥ ያየኋት ትንሽ ልጅ ፊቴ ላይ መጣች። የአልቢና እናት ሞሪስካ፣ አያቷ ሙላታ፣ ቅድመ አያቷ አፍሪካዊት ናት። እኔ ሥዕሉ ፊት ቆሜ ቅድመ አያቷን አልቆጠርኳትም ነበር።

መልስ 6 ሌላ ጭቅጭቅ ከፈተ። ክልስ የሚለውን ቃል ለምን ትጠቀማላችሁ አለ። ለከብትና ለዶሮ የምንለውን ለሰው ማለት ነውር ነው፣ ድብልቅ ይባል ብሎ ጠየቀ።

መልስ 7 ጀርመን ካደገች እህት መጣ። አባቷ ጀርመናዊ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ክልስ ሲሏት እንደማይከፋት ጻፈች። የሚከፋት ድብልቅ ሲሏት ነው፤ የሽሮ ዱቄት ይመስላል አለች። ከዚያ ኢንካ ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋን አመጣችልን። በ1539 ኩስኮ ተወለደ። አባቱ የስፔን ካፒቴን፣ እናቱ ቺምፑ ኦክዮ የኢንካ ልዕልት ነበረች። አባትየው እናቱን አላገባም፤ ስፔናዊት አገባ። ልጁ በ1560 ወደ ስፔን ሄደና እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። በ1609 ሊዝበን ላይ ባሳተመው ሥራው ሜስቲሶ የሚለው ቃል አሜሪካ ውስጥ እንደ ስድብ መቆጠሩን ጽፏል። እሱ ግን አፉን ሞልቶ ራሱን በዚያ ስም ጠራ፤ ክብሬ ነው አለ። የመልስ 6 ጸሐፊ ይህን አንብቦ ይቅርታ ጠየቀ። መድረካችን ላይ ይቅርታ የሚጠይቅ ብርቅ ነው፣ ተደስቻለሁ።

መልስ 8 ከአዲስ አበባ የጻፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ሰው የሚቀላቀለው በአልጋ ብቻ አይደለም አሉ። የክርስትና አባትነትን አስታወሱን። እነዚያም አገሮች አበልጅ አላቸው፤ ኮምፓድሬ ይሉታል። ነባሩ ወይም ሙላቶው ቤተሰብ አቅም ያለውን ስፔናዊ ልጃቸውን ክርስትና እንዲያነሳ ይለምናል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤቶች አበልጅ ናቸው። ችግር ሲመጣ በሩ ይንኳኳል። እሳቸው እንደሚሉት አበልጅነት ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሁሉም «ጋሼ» እያለ አመሰገናቸው።

መልስ 9 ወደ ጥያቄዬ መለሰን፤ ግምቴንም ደገፈልኝ። በቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ላይ ከ16ቱ ስሞች የሚሠራባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ስፔናዊ፣ ካስቲሶ፣ ሜስቲሶ፣ ነባር፣ ሙላቶ፣ ጥቁር። «አየር ላይ ቁም» የመሰሉት እምብዛም አይገኙም። ብዙ አጥቢያዎች መጽሐፉን ራሱን ይለያዩት ነበር፤ የስፔናውያን ለብቻ፣ የሌሎች ለብቻ። የአንዱ መጽሐፍ ከሌላው ለምን ይሻል ነበር? ግብር ስላለበት ነው። ነባሮችና ነፃ የወጡ ጥቁሮችና ሙላቶዎች የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፍላሉ። ሜስቲሶ አይከፍልም። በሌላ በኩል በ1571 ሜክሲኮ ላይ የተቋቋመው የኢንኩዊዚሽን ችሎት፣ ከሃይማኖት ወጡ የተባሉትን የሚከሰው፣ ነባሮችን መክሰስ አይችልም ነበር። ስለዚህ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ሜስቲሶ ነኝ ያለ ሰው፣ ኢንኩዊዚሽን ሲጠራው ነባር ነኝ ይላል። እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በችሎት መዝገቦች ውስጥ ይገኛሉ። ሰውየው ያው ነው። ቆዳውም ያው ነው።

መልስ 10 አጭር፣ ግን ከባድ ነው። በ1795 የስፔን ንጉሥ የዋጋ ዝርዝር አወጣ። ፓርዶ የሚባል፣ የአፍሪካ ደም ያለበት ሰው፣ 500 ሬያል ከፍሎ ከዚያ ደረጃ ነፃ የሚያወጣ ወረቀት ያገኛል። የአፍሪካ ደሙ ያነሰው፣ ኪንቴሮን የሚባለው፣ 800 ይከፍላል። ደረጃ እንደ ዕቃ ዋጋ ወጣለት።

መልስ 11 እዚያው ላይ ቀጠለ። በዛሬዋ ቬኔዝዌላ የካራካስ ከተማ ምክር ቤት፣ ማለትም የክሪዮዮ ባለርስቶቹ፣ በዝርዝሩ ተቆጥተው ለንጉሡ አቤት አሉ። ገንዘብ ያለው ሙላቶ ከልጆቻችን ጎን ሊቀመጥ ነው ብለው። ከዚያ በፊትም ልብስ ራሱ በሕግ ይጠበቅ እንደነበር ጨመረ። በ1571 የወጣ ሕግ ጥቁርና ሙላታ ሴቶች ወርቅ፣ ዕንቁና ሐር እንዳይለብሱ ከለከለ። ነፃ ሆና ስፔናዊ ያገባች ግን ዕንቁ ያለው የወርቅ ጉትቻ ይፈቀድላታል። ሕጉ ያስፈለገው ሴቶቹ ይለብሱ ስለነበር ነው፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላማዊ ነበር።

መልስ 12 ከስቶክሆልም መጣ። ጸሐፊው ሁላችንንም ወቀሰ። ስለ ሐርና ስለ ጉትቻ ስታወሩ ሰው እየሞተ ነው አለ። በዛሬዋ ቦሊቪያ የፖቶሲ የብር ማዕድን በ1545 ተገኘ። በ1573 እንደራሴው ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ ሚታ የሚባለውን የግዳጅ ሥራ አደራጀ። ከተመደቡት አውራጃዎች ከሰባት አዋቂ ወንድ አንዱ በየተራው ወደ ማዕድኑ ይነዳል። የሁዋንካቬሊካ ማዕድን ሜርኩሪ ደግሞ ሳንባ ይበላል። የባህል መቀላቀል የምትሉት ነገር መነሻው አስገድዶ መድፈር ነው ብሎ ጻፈ። ውብ ያልኩትንም ሥዕል አነሣ። ጌታው ባሪያውን ደፍሮ የወለደው ልጅ ሥዕል እንዴት ውብ ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ 13 ይባስ ብሎ ወደ መልስ 2 ዞረ። ያ ሁሉ የኢንካ ሰልፍ የንጉሡ ፈቃድ እስካለ ድረስ የቆየ ነው አለ። የኢንካ ዘር ነኝ ያለው ቱፓክ አማሩ ዳግማዊ በ1780 በስፔን አገዛዝ ላይ ተነሣ። በ1781 ኩስኮ አደባባይ ላይ በጭካኔ ተገደለ። ከዚያ የኢንካ ልብስም፣ የኢንካ ነገሥታት ሥዕልም ተከለከለ። ለሰልፍ የሚያጨበጭብ ታሪክ አያውቅም ብሎ ዘጋው።

መልስ 14 የመልስ 2 ጸሐፊ ነው፤ እሱም ተቆጥቷል። ቱፓክ አማሩን ከተዋጉት አንዱ ማቴኦ ፑማካዋ የሚባል የኢንካ ባላባት መሆኑን አስታወሰ። ያው ፑማካዋ በ1814 በተራው በስፔን ላይ ተነሥቶ በ1815 ተገደለ። ታሪክ በሁለት ቀለም ብቻ አይጻፍም የሚል ነበር ነጥቡ። ጥሩ ነጥብ ነው። ዳሩ ግን መጨረሻው ላይ ስድብ ጨመረበት፤ የመድረኩ አስተዳዳሪ ስድቡን አነሣው። ያን ማሳሰቢያ እንደ መልስ 15 ቁጠሩት።

መልስ 16 የእኔ ነው። ለስቶክሆልሙ ወንድም መለስኩ። ልክ ነህ አልኩት። ውብ የሚለውን ቃል የጻፍኩት ቅድመ አያቷን ሳልቆጥር ነው። ያቺ ሴት በሰንሰለት ታስራ የመጣች መሆኗ አይቀርም፤ ሥዕሉ ላይ ግን የለችም። ያለችው በአንድ ቃል ውስጥ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡን ይዘው የታገሉትን ሰዎች እንዳንረሳ ለመንኩት። ለግብር ሰብሳቢው ሜስቲሶ ነኝ ያለው ሰው ሕጉን አላመነም። ልጁን ከግብር አዳነ። ይህም ትግል ነው።

እሱ ወዲያው አልመለሰም። ክሩም ወደ እኛ ቤት ዞረ።

መልስ 17 በኩራት የተሞላ ነው። አፄ ካሌብ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ቅዱስ ነበሩ አለ። እዚያ ኤልስባን ይሏቸዋል፤ ከንግሥና ስማቸው ከእለ አጽብሐ የመጣ ነው። በ1740 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ አፍሪካውያን በቅዱስ ኤልስባንና በቅድስት ኤፍጌንያ ስም ማኅበር አቋቋሙ። ኤፍጌንያ በእነሱ ትውፊት ማቴዎስ ያጠመቃት የኢትዮጵያ ልዕልት ናት።

መልስ 18 ሪዮ የፖርቱጋል እንጂ የስፔን ቅኝ አልነበረም ብሎ አረመ። ትክክል ነው።

መልስ 19 ታረቀ፤ ፔሩ ውስጥ ካኜቴ አለችላችሁ አለ። እዚያ የጥቁር ፔሩዎች በዓል በየመስከረሙ ለቅድስት ኤፍጌንያ ይከበራል።

መልስ 20 ሌላ እርማት አመጣ፤ ይህን ብዙዎቻችን አንወደውም ይሆናል። ያ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም አገራችንን ብቻ አያመለክትም። በ1627 የታተመውን መጽሐፍ የጻፈው የካቶሊክ ቄስ፣ ኢየሱሳዊው አሎንሶ ዴ ሳንዶቫል፣ በዛሬዋ ኮሎምቢያ ካርታሄና ወደብ ላይ የሚወርዱትን ባሮች ሁሉ «ኢትዮጵያውያን» ይላቸዋል። ሰዎቹ ግን ከጊኒ ጠረፍና ከአንጎላ የመጡ ነበሩ። ኩራቱ አይጎዳም፣ ግን የሞቱት ሰዎች የራሳቸው አገር ነበራቸው አለ። ከሁሉ መልስ ይቺን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት።

መልስ 21 ስለ ማኅበሮቹ ጻፈ። ጥቁሮቹ በማኅበር ገንዘብ ያዋጡ፣ ቀብር ያስፈጽሙ፣ የታመመ ይጠይቁ ነበር። ስለ ቅዱስ ማርቲን ዴ ፖሬስም አነሣ። በ1579 ሊማ የተወለደ ነው። እናቱ ከባርነት ነፃ የወጣች፣ አና ቬላስኬስ የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች። አባቱ ስፔናዊ ባላባት ነው፤ የጥምቀት መዝገቡ ግን አባቱ ያልታወቀ ይላል። በደሙ ምክንያት ሙሉ መነኩሴ ለመሆን ሕጉ ይከለክለው ነበር። ጠራጊና አስታማሚ ሆኖ ገዳም ገባ። በ1962 ቅድስና ታወጀለት።

መልስ 22 ስለ ምግብ ነው። ኩስኮ ካቴድራል ውስጥ ማርኮስ ሳፓታ የሣለው የመጨረሻው እራት አለ። ማዕዱ ላይ ያለው የተጠበሰ ኩዊ ነው፤ ከአይጥ የምትተልቅ፣ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች የሚያረቧት እንስሳ። አንዳንዶች ሳቁ። እኔ ግን ሠዓሊው የእናቱን ቤት ገበታ ለጌታ ያቀረበ ይመስለኛል።

መልስ 23 ዱባይ ከምትኖር አንዲት እህት መጣ። አብራት የምትኖር ፊሊፒናዊት አለች። የአባት ስሟ ስፓኒሽ ነው። ፊቷ ላይ ግን ምንም የፈረንጅ ነገር የለም። ፊሊፒንስም የስፔን ነበረች መሰለኝ፣ ታዲያ ሁሉም ክልስ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ልክ ጊዜው ላይ የመጣ ጥያቄ ነው።

መልስ 24 አብራራላት። በኅዳር 1849 ገዢው ናርሲሶ ክላቬሪያ የስም መጽሐፍ አሳትሞ ለየአውራጃው አደለ። ግብርና ቆጠራ እንዲመቸው ነው። ቤተሰቦች ከተሰጣቸው ገጽ ላይ ስም መረጡ። በአንዳንድ ከተሞች የነዋሪው ስም ሁሉ በአንድ ፊደል የሚጀምረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የስፔን ስም ይዞ የስፔን ደም የሌለው ብዙ ነው። እኛ በአባት ስም የምንጠራ ሰዎች ነንና ይህ ይከብደናል። አስቡት፣ አንድ ሹም መጥቶ ቀበሌያችሁ ሁሉ በ«ረ» ይጀምር ሲል።

መልስ 25 ወደ ሜክሲኮ መለሰን። የነፃነቱ መሪ ሆሴ ማሪያ ሞሬሎስ ድብልቅ ዘር እንደነበረ ይነገራል፤ በጥምቀት መዝገብ ግን ስፔናዊ ተብሎ ነው የተጻፈው። በ1813 ባርነትና የካስታ ልዩነት ይቅር ብሎ የጠየቀው ያው ሰው ነው። በ1822 መዝገብ ላይ ሰውን በካስታ መለየት ቀረ። የአፍሪካ ደም የነበረበት ቪሴንቴ ጌሬሮ በ1829 ፕሬዚዳንት ሆኖ ባርነትን አስወገደ።

መልስ 26 የስቶክሆልሙ ወንድም ተመለሰ። ድምፁ ረገብ ብሏል፤ ሐሳቡን ግን አልለቀቀም። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ሜክሲኮ ጥቁሮቿን ረስታ ኖራለች ብሎ ጻፈ። ስማቸው ከመጽሐፍ ሲወጣ እነሱም አብረው ከታሪክ ወጡ። እኔ መዝገቡ ወሳኝ ነው ካልኩ፣ የመዝገቡም መጥፋት ወሳኝ መሆኑን እንድቀበል ጠየቀኝ። እቀበላለሁ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

መልስ 27 እንደገና ከዱባይ ነው። ማታ ከሥራ ስትመለስ ጓደኛዋን ጠየቀቻት። ጓደኛዋ ስለ ክላቬሪያ ሰምታ አታውቅም። ስልኳን አወጣችና የአገሯን ሰዎች ቁጥሮች ታወርድ ጀመር። የእናቷ ቤተሰብ፣ የጎረቤቱ፣ የመምህሯ፣ የቄሱ። ሁሉም በ«ረ» ይጀምራሉ። አልጋው ላይ ተቀምጠው አንድ ባንድ ሲቆጥሩ 40 ላይ ደረሱና ስልኩ ባትሪ ጨረሰ።